እትዬ ጸዳለና የበረዶ ውሾቻቸው

እትዬ ጸዳለ ማረፋቸውን የነገረኝ ሐበሻ አይደለም። ኬን ነው፣ የጋርዴናው ጃፓናዊ። ሎስ አንጀለስ ባለው የሐበሻ ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ በምሠራበት የቅመም ሱቅ በርበሬ እየመዘንኩ ሳለ ደወለ። ኬን ነገር ማለሳለስ አያውቅበትም። "ጸዳለ ዛሬ ጠዋት አልነቃችም" አለኝ። "ውሾቹ ሲጮኹ ጎረቤት ደወለልኝ። ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ናት።" ማንኪያውን አስቀምጬ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። በርበሬ ልትገዛ የመጣችው ሴትዮም ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ አብራኝ አለቀሰች። ከቆየች በኋላ ነው ዓይኗን እየጠረገች "ለመሆኑ ማናቸው?" ያለችኝ።

ምን ልበላት? ፌርፋክስ ላይ እትዬ ጸዳለን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚያውቃቸውም ግማሹ በሐሜት ነው። "ያቺ ውሻ የሚጎትታት ሴትዮ" ብላት ኖሮ ወዲያው ታውቃቸው ነበር። እኔ ግን እንዲያ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም፣ በሞታቸው ቀን ደግሞ ጨርሶ አልጠራም። "አንድ ትልቅ ሴት ናቸው" አልኳት፣ በርበሬዋን ቋጥሬ ሰጠኋት።

ስልሳውን ያለፉ፣ አጭር፣ ደንደን ያሉ ሴት ነበሩ። ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ሕንፃ ሥር፣ መስኮት ባላት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ካሸር ሆነው ተቀምጠው አረጁ። ተቀምጦ መዋል ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ ስኳር ያዛቸው። ሐኪሙ "ካልተራመድሽ እግርሽን ታጫለሽ" አላቸው። እሳቸው በሚኖሩበት ኢንግልዉድ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው መኪናው የተበላሸበት ብቻ ነው። ብቻዬን ስሄድ እፈራለሁ ብለው ሲያማርሩ የሰማቸው ኬን ነው። ያኔ ለሕንፃው አበባና ችግኝ ያደርስ ነበር። ባለቤቱ የሞተበት፣ ማንም ያልፈለገው አንድ ትልቅ ውሻ እጁ ላይ ነበረ። "ለአንድ ሳምንት ያዢው፣ አብሮሽ ይሂድ" ብሎ ሰጣቸው። ያ ሳምንት እስኪሞቱ ድረስ አላለቀም።

ውሻውን ዳኛው አሉት። "ለምን?" ብላቸው፣ "እዪው እስቲ" አሉኝ። "ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይሰማል፣ ውሳኔውን ግን ለቀጠሮ ነው የሚያሳድረው።" ቀጥሎ ከውሻ ማቆያ ሻሼንና ቡላን አመጡ፤ ሁለቱም ያረጁ፣ ሰው ያለፋቸው ውሾች ናቸው። "ወጣቱንማ ሁሉም ይወስደዋል" ይሉ ነበር።

በረዶውን ያስለመዳቸውም ኬን ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በረዶ አይወርድም፤ በዊንተር ቀና ብላችሁ ወደ ሰሜን ካያችሁ ግን ተራሮቹ ነጭ ለብሰው ታያላችሁ። ሐበሻው አይቶ "እንዴት ያምራል" ብሎ ሂተሩን ይከፍታል። እትዬ ጸዳለ ግን የራሳቸውን ሦስትና የኬንን ሦስት ሀስኪዎች፣ በረዶ የለመዱ ውሾች፣ አሮጌ ቫን ላይ ጭነው፣ ራይትዉድ ወደምትባለው የተራራ ከተማ ይነዱና፣ እስከ ቀትር በረዶ ላይ ሲሄዱ ይውላሉ። ስኖውሹ የሚሉት አለ፤ ከጫማ ሥር የሚታሰር፣ እግር በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚይዝ ሰፊ ነገር ነው። እሱን አስረው ነው የሚሄዱት። ያኔ ኡበር መጥቶ ታክሲ ነጂዎቻችን ቀኑን ሙሉ ካፌ ደጃፍ ቆመው የሚያማርሩበት ዘመን ስለነበረ፣ ወሬ የሚያዋጣ አልጠፋም። "ጸዳለ ጃፓን አገባች" ተባለ። እሳቸው ሲሰሙ ሳቁና፣ "ኬን ቢያገባኝ ውሾቹን ማን ይይዛል?" አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ማኅበራችን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ነውና። እኔና እትዬ ጸዳለ አንድ የማርያም ማኅበር ነበርን፣ የሴቶች። በየወሩ አንዷ ትደግሳለች፤ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ተራዋ የደረሰ ሴት ጽዋውን ተቀብላ ቤቷ ታሳድራለች፣ በቀኑ እኛን ትጠራለች፣ ለቀጣይዋ ታስረክባለች። እትዬ ጸዳለ ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። ዳኛው ቤታቸው ከገባ ወዲህ ግን ጽዋው ቤታቸውን ረግጦ አያውቅም። ተራቸው ሲደርስ "ለጊዜው እንለፋት" ይባላል፤ ይታለፋሉ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ እትዬ አስካለ ነበሩ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ነው። እትዬ ጸዳለ ታመው ሆስፒታል ሲገቡ ገላቸውን ያጠቡ፣ ፀጉራቸውን የሠሩ እሳቸው ናቸው። በዚህ አንድ ነገር ግን ድንጋይ ናቸው። "ጸዳለ እህቴ ናት" ይላሉ። "ውሻ ከሚተኛበት ቤት ግን ጽዋ አይገባም። ውሾቹን ትስጥ፣ ጽዋውን ራሴ በእጄ ተሸክሜ አመጣላታለሁ።"

እትዬ ጸዳለ የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስ፣ አባን፣ ጠየቁ። አባ ቤታቸው ድረስ መጥተው ጠበል ረጩና፣ "ልጄ፣ ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይግባ ነው የተባለው። የሰው ቤትማ የባለቤቱ ነው" አሏቸው። ለሴቶቹ ስነግራቸው አልሰሙኝም። "አባ እኮ ሰው ማስቀየም አይችሉም" አሉኝ። እንግዲህ ለእነዚህ ምን ይባላል? ተናድጄ ለእትዬ ጸዳለ ሳወራላቸው፣ የዳኛውን ጆሮ እያከኩ፣ "ተይ አንቺ ልጅ። ውሻ በበላበት ይጮሃል፣ ሰው በበላበት ያማል። ሁሉም እንደ ተፈጥሮው ነው" አሉ።

አንድ ዓመት ግን ተራቸው የአስተርዮ ማርያም ላይ ዋለ፣ በጥር። ያን ጊዜ አልታለፍም አሉ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ማኅበሩ መሀል ቁጭ ብለው፣ "ዘንድሮ እኔ ነኝ የምደግሰው። ውሾቹ ጋርዴና ኬን ጋ ይሰነብታሉ። ቤቴ ይታጠባል፣ አባ ይባርካሉ። እባካችሁ ኑልኝ" አሉ። ሴቱ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ከዚያ በማኅበሩ ቫይበር ላይ አንዷ "በሰላም ያድርሰን" ብላ ጻፈች። ሌላዋም ተከተለች። ሁሉም ጻፉ። እትዬ አስካለ ብቻ አልጻፉም።

እትዬ ጸዳለ ያንን "በሰላም ያድርሰን" አመኑ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳቱት። ሐበሻ አልመጣም አይልም፤ ይቀራል እንጂ። ይሄን እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፤ የሚፈልጉት ነገር ሲሆን ግን ሰው የሚያውቀውን ይረሳል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግን ሲያበራ። ምንጣፉ ከላውንደሪ የተመለሰ፣ መጋረጃው የታጠበ፣ አንዲት የውሻ ፀጉር ብትፈልጉ የማታገኙበት። ዶሮው፣ አልጫው፣ አይቡ፣ ጠላው፣ ጠረጴዛ የሚያህለው ድፎ ዳቦ። ወንበር ጎረቤት ድረስ ሄደው ለምነዋል። እሳቸው ነጭ በነጭ ለብሰው በሩ አጠገብ ቆመዋል፣ እንደ ሙሽራ እናት።

ከዚያ ስልኩ ጀመረ። አንዷ ሥራ ኮል አደረጉኝ፣ ነይ ተባልኩ፣ አለች። አንዷ ልጄን አተኮሰው። አንዷ ፍሪዌዩ ተዘግቷል፣ እየዞርኩ ነው፣ አለች፤ እስከ ዛሬ እየዞረች ነው። እትዬ ጸዳለ ለሁሉም "ግድ የለም፣ ግድ የለም የኔ እናት" ይላሉ። መጨረሻ የደወሉት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ጽዋው ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር እኔም ሰማሁ። "ጸዳዬ፣ እኔ አልዋሽሽም። ተነስቼ ለብሼ ነበር። እግሬ አልሄድ አለኝ።" እትዬ ጸዳለ "እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ" አሉና ዘጉት።

አባ መጥተው ዳቦውን ባረኩ። ስለ እሳቸው ሲሉ ጥቂት ቀመሱና፣ ሌላ የሚጠብቃቸው ቤት ስላለ ሄዱ። እኔና እትዬ ጸዳለ ከነዚያ ሁሉ ወንበሮች ጋር ቀረን። እኔ ልፈነዳ ደርሻለሁ፤ የያንዳንዷን ስም እየጠራሁ ልረግማት ስጀምር፣ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

"ነገ ሥራ አለሽ?"

"ሰኞ ኦፍ ነኝ።"

"ወፍራም ካልሲስ?"

ኧረ እኔ ብርድ አልወድም፤ እናቴ ትመስክር። ግን በዚያ ቀን ለእሳቸው እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይምጣ? ጠዋት ድስቱን በፎጣ ጠቅልለን፣ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነን ቫን ላይ ጫንን። ጋርዴና ጎራ ብለን ኬንንና ስድስቱን ውሾች ወሰድን። ቡላ መንገዱን ሙሉ ትከሻዬ ላይ ሲተነፍስ ሄደ። ሞት ይሻላል እያልኩ ነው ራይትዉድ የደረስኩት።

በረዶውን በስዕል አይቻለሁ እንጂ ረግጬው አላውቅም ነበር። ኬን ተንበርክኮ ስኖውሹውን አሰረልኝ። እግሬ ላይ ሰፌድ የታሰረ ያህል ነው። ሁለት እርምጃ ሄጄ የራሴን እግር በራሴ እግር ረግጬ ተዘረጋሁ። እትዬ ጸዳለ እስኪያነቡ ሳቁ። "እግርሽን ከፈት አድርገሽ ሂጂ፣ ማን ያይሻል እዚህ?" አሉኝ። ትናንት የተቀየሙ ሴትዮ አይመስሉም።

ከዚያ አካሄዳቸውን አየሁ። እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ሀስኪዎቹ ወደፊት መሮጥ ይፈልጋሉ፣ ኬን ከእነሱ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። እትዬ ጸዳለ ግን ማንም ባልረገጠው በረዶ ላይ ፊት ሆነው፣ በሰፊው ጫማቸው ደልደል፣ ደልደል እያደረጉ ይረግጣሉ። ቀስ ነው የሚሉት። ከኋላቸው ዳኛው፣ ወገቡን እያመመው፣ እሳቸው በረገጡት ላይ ብቻ እየረገጠ ይከተላል። እሱ ሲቆም ይቆማሉ። ዞር ብለው አያዩትም፤ ትንፋሹን ሰምተው ነው የሚያውቁት። እኔ ከዳኛው ኋላ ነበርኩ። ለካ እሳቸው በጠቀጠቁት ላይ ስትሄዱ እግር አይሰምጥም።

"እሱን መኪና ውስጥ ቢተዉት አይሻልም? እኛንም ያዘገየናል" አልኳቸው።

"የት ልንደርስ ነው የዘገየነው?" አሉኝ። እውነትም የት ልንደርስ ነው።

ጥዶቹ መሀል አንድ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ በረዶውን ጠርገን ተቀመጥን። እትዬ ጸዳለ ጫማቸውን ሳያወልቁ ነጠላቸውን ከጃኬታቸው በላይ መስቀለኛ አጣፉ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምን፤ ኬንም ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ዶሮው አሁንም ለብ ይላል። ኬን አንድ እግር ከነእንቁላሉ በልቶ አፍንጫው ቀላ፤ ውሃ ብሎ ሲጮህ በረዶ አፍሼ ሰጠሁት። ከዚያ እትዬ ጸዳለ ዳቦውን ቆርሰው ለእኔና ለኬን ሰጡን። ውሾቹ ስድስቱም ክብ ሠርተው ቁጭ ብለው ያያሉ። ቡላ ለሐጩን ያዝረበርባል። አንጀቴን በላኝና ከዳቦዬ ቆረስ አድርጌ እጄን ስዘረጋ እትዬ ጸዳለ እጄን ያዙኝ።

"የተባረከ ነው። ለውሻ አይሰጥም።"

ከቦርሳቸው ለውሾቹ ለብቻ የያዙትን የተቀቀለ ሥጋ አወጡና በየተራ አጎረሷቸው፣ ከዳኛው ጀምረው። ከዚያ እጃቸውን በበረዶ ታጠቡ። ነጠላቸው ላይ የወደቀውን የዳቦ ፍርፋሪ አንድ በአንድ ለቅመው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። ያን ሳይ ነው የትናንቱ ነገር እንደገና ያቃጠለኝ። ከእኛ ሁሉ ሥርዓቱን የሚያከብሩት እኮ እሳቸው ናቸው።

"እትዬ ጸዳለ፣ ለምን ውሾቹን ለኬን አይሰጡም?" አልኩ። "ጋርዴና ሄደው ያዩዋቸዋል። ሴቶቹም ይመጡልዎታል። ያበቃል።"

ዳኛው እግራቸው ላይ ተኝቷል።

"ሰጥቼ ቢመጡ" አሉ፣ "የመጡት ወደ ማን ቤት ነው? እኔ ቤቴ እንዲገቡ ነው የፈለግሁት። የሆነውን ቤቴን። ይሄ ሁሉ ዓመት የሰው ቤት ተቀምጬ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ 'ቤቷ ይባረክ' አልኩ። አንድ ቀን እኔም ቤትሽ ይባረክ ብባል ምናለበት?"

ያን ጊዜ አለቀሱ። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ነው የሚወርደው። ኬን ምን እንደተባለ አልገባውም፤ ግን ከቴርሞሱ ሻይ ቀድቶ እጃቸው ውስጥ አስያዛቸው። እኔም "ቤትዎ ይባረክ" አልኳቸው። "አሜን" አሉ፣ እንባቸውን በጓንታቸው ጠረጉ። የአንድ ሰው ምርቃት በቂ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህም ከማኅበሩ አልወጡም። እኔ ብሆን ፊቴን አላሳይም ነበር። እሳቸው በየወሩ ቀድመው ይመጣሉ፣ ልብሳቸውን በብሩሽ አበጥረው፣ ወደ በሩ ጠጋ ብለው ይቀመጣሉ። ማንንም "ለምን ቀረሽ?" ብለው አልጠየቁም። ፍሪዌይ ላይ እየዞረች ለቀረችውም እንኳ። ተራቸው ሲደርስ "ለጊዜው እንለፋት" ይባላል፤ "እሺ" ይላሉ። እትዬ አስካለ ከዚያ እሁድ ወዲህ ዓይን ለዓይን አያዩአቸውም ነበር። በዊንተር ደግሞ ወደ በረዷቸው። እኔንም ጥቂት ጊዜ ወሰዱኝ፤ ብርዱን አልወደድኩትም፣ አልዋሽም፤ ከእሳቸው ኋላ መሄዱን ግን ወደድኩት።

ከዚያ ያ የኬን ስልክ መጣ።

እህታቸው ከሲያትል በረረች፣ ቀበርን፣ ለቅሶው እዚያው ኢንግልዉድ ቤታቸው ተቀመጠ። የት ሊሆን ኖሯል? ለቅሶ የሟች ቤት ነው። የመጣውን ሰው ብታዩ። ፌርፋክስ እንዳለ ተነቅሎ መጣ። ማኅበርተኞቹ አንዲት ሳትቀር መጡ፤ ሥራም አልጠራቸው፣ ልጅም አላተኮሰው፣ ፍሪዌዩም ክፍት ነበር። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ ንፍሮ ቆረጠሙ፣ በእትዬ ጸዳለ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። ምንጣፉ ላይ የሻሼ ነጭ ፀጉር እዚህም እዚያም አለ፤ የታጠበ ነገር የለም፤ ማን ሊያጥበው። ማንም ስለ ውሻ አላነሳም። ደሜ ፈላ። አፌን ይዤ ጥግ ቁጭ አልኩ፤ ብናገር ለቅሶውን አበላሻለሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ኬን ነው። ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ ክራቫት አስሯል። በግራ እጁ ሻሼንና ቡላን፣ በቀኙ ዳኛውን ይዟል። ውሾቹን አበጥሯቸዋል።

"ኬን፣ ውሾቹን ለምን አመጣሃቸው?" አልኩት በሹክሹክታ።

ግራ ገባው። "ጸዳለ ነግራኛለች" አለ። "በእናንተ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚያውቁት ሁሉ ቤቱ መጥተው አብረው ይቀመጣሉ ብላ። ማንም አይቀርም አለችኝ። እነዚህም ያውቋታል።"

ለሴቶቹ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። ቃል በቃል፣ አንድም ሳልቀንስ። ሁሉም ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ። እትዬ አስካለ ዋናው ቦታ ላይ፣ ከሟች እህት አጠገብ ነበሩ። ዳኛውን አዩት፤ እሱም አያቸው። ረጅም ጊዜ የሆነ መሰለኝ። ከዚያ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብሰብ አደረጉ።

"ጠጋ ጠጋ በሉ" አሉ ለሴቶቹ። "ቦታ ስጧቸው።"

ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። ኬን ጫማውን አውልቆ ገባ። ሻሼና ቡላ እግሩ ሥር ተኙ። ዳኛው ግን ወገቡን እየጎተተ በለቀስተኛው መሀል አለፈ፣ የመኝታ ቤቱን በር በአፍንጫው ገፋ፣ ባዶውን አልጋ አየና እዚያው ደፉ ላይ ተኛ። እትዬ አስካለ ያን ሲያዩ ነው የተነሱት። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ፤ ያሁኑ ሌላ ነው። ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ አወረዱ፦

ደግሰሽ ብትጠሪን ቀረን እያማንሽ፣
ሳትጠሪን ሞላነው ዛሬ ባዶ ቤትሽ።

ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። አንዷም ቀና ብላ ሌላዋን አላየችም። እኔም ቂሜ የት እንደገባ ጠፋኝና ከእነሱ ጋር አለቀስኩ። ኬን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"ምን አለች?"

ሙሾ ወደ እንግሊዝኛ እንዴት ይመለሳል? "ይቅርታ እየጠየቁ ነው" አልኩት። "ጸዳለን።"

ኬን እትዬ አስካለን ተመለከታቸው፣ ከዚያ በሩ ላይ የተኛውን ዳኛውን። ክፋት በሌለው፣ ያንኑ ማለሳለስ በማያውቅ ድምፁ፣ "ዘግይታለች" አለኝ።

"አዎ" አልኩት። "ሁላችንም።"